«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ በተረቱ ውስጥ ስሟ ያልተጠራው ዶሮ

አዲስ ሥራ ጀምሮ ገበያ ለቀዘቀዘበት፣ ትምህርቱ ለከበደው ሁሉ ይህን አባባል እንሰጠዋለን። ትርጉሙን ስንጠየቅም «የታገሠ ካሰበበት ይደርሳል» ብለን እናልፋለን። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው።

አነጋገሩ የጓሮ ዕውቀት ነው። ዶሮ አስታቅፎ የሚያውቅ ሰው፣ እንቁላል ብቻውን ቢቀመጥ እንደሚበላሽ እንጂ እግር እንደማያወጣ አይጠፋውም። ጫጩት የሚፈለፈለው ዶሮዋ 21 ቀን ያህል ታቅፋ፣ እያገላበጠች፣ ጥሬ ለመልቀም ብድግ ብላ ወዲያው እየተመለሰች ስታሞቀው ነው። ተረቱ እንቁላሉን ጠርቶ ዶሮዋን ሳይጠራ ይቀራል። «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃል ግን የእርሷ ድካም ነው።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የምትታወሰኝ አልቲያ ጊብሰን ናት። እ.ኤ.አ. በ1927 ሳውዝ ካሮላይና ተወልዳ ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ቴኒስ ተጫዋች ነበረች። ያኔ የአሜሪካ ብሔራዊ የቴኒስ ሻምፒዮና የሚካሄደው ኒው ዮርክ ውስጥ ፎረስት ሂልስ በሚገኘው የሣር ሜዳ ላይ ነበር። እዚያ ለመጋበዝ አስቀድሞ በነጮች ክለቦች ውድድር ላይ መታየት ያስፈልጋል፤ ክለቦቹ ደግሞ አይጠሯትም። በሐምሌ 1950 የቀድሞዋ ሻምፒዮን አሊስ ማርብል፣ ራሷም ነጭ ስትሆን፣ ይህን ግፍ በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ በግልጽ አወገዘች። በነሐሴ ወር በሩ ተከፈተ።

በሁለተኛው ዙር የገጠመቻት የታላቁ የእንግሊዝ ውድድር፣ የዊምብልደን፣ ሻምፒዮኗ ሉዊዝ ብራፍ ነበረች። አልቲያ የመጀመሪያውን የጨዋታ ምዕራፍ (በቴኒስ ‹ሴት› የሚባለውን) 6ለ1 ተሸንፋ ሁለተኛውን 6ለ3 አሸነፈች፤ በሦስተኛው 7ለ6 እየመራች ሳለ ዝናብና መብረቅ መጣ። መብረቁ ስታዲየሙ አናት ላይ የነበረውን የድንጋይ ንስር መታው። ጨዋታው ለማግሥቱ ተላለፈ፤ ሌሊቱን ያደረችው በጭንቀት ነው። በማግሥቱ ብራፍ ሦስት ጌም በተከታታይ ወስዳ 9ለ7 ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው የተረቱ ልብ። ታላቅ ድል ሳታገኝ ቆየች፤ እንዲያውም ቴኒሱን ትታ ሠራዊት ለመግባት አስባ ነበር። ዶሮዋን የምንፈልጋት እዚህ ላይ ነው። ሁበርት ኢተንና ሮበርት ጆንሰን የሚባሉ ሁለት ጥቁር ሐኪሞች በ1946 ችሎታዋን አይተው ቤታቸው ተቀብለዋት ነበር፤ ትምህርት ሲኖር ከኢተን ቤተሰብ ጋር፣ ክረምቱን ከጆንሰን ጋር ትኖር ነበር። ያቋረጠችውን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰችው በኢተን ቤት ሆና ነው፤ በ1953 ደግሞ ፍሎሪዳ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። የራሷም ልፋት አለ፤ ራኬቷን ይዛ እስከ እስያ ዞራ ተጫውታለች።

በ1957 በዊምብልደን ሣር ላይ ዳርሊን ሃርድን 6ለ3፣ 6ለ2 አሸንፋ ዋንጫውን ከንግሥት ኤልሳቤጥ እጅ ተቀበለች፤ በውድድሩ ታሪክ በነጠላ ጨዋታ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። በዚያው ዓመት፣ 30 ዓመት በሞላት ሰሞን፣ ፎረስት ሂልስ ላይ ለፍጻሜ ደረሰች። ከመረቡ ማዶ የቆመችው ያቺው ሉዊዝ ብራፍ ነበረች። ውጤቱ አሁንም 6ለ3፣ 6ለ2፣ ለአልቲያ።