ደህና ቀጠና፣ አደገኛ ቀጠና፦ ብዙ ተጫዋች የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትባቸው የኦንላይን ጌሞች ዓለማቸውን በቀጠና ይከፋፍሉታል። አንዱ ቦታ ደህና ይባላል። ሌላው ቦታ ላይ ደግሞ የማታውቁት ተጫዋች መጥቶ ይገድላችኋል፣ ዕቃችሁንም ይዞ ይሄዳል። ለዚህ ድፍረት ካሳ እንዲሆን አደገኛው ቦታ ትርፉ ይበዛል። በዚህ ጉዳይ ተጫዋቾች ሲከራከሩ እየተመላለሱ የሚመጡ አባባሎች አሉ። አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው፣ አንዳንዱ ጭራሽ ከእውነት የራቀ።

«ደህና ቀጠና ውስጥ ማንም አይነካኝም»

እንደ ጌሙ ነው። ኢቭ ኦንላይንን እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የጠፈር መርከቦች ጌም ነው። እያንዳንዱ የኮከብ ሥርዓት የደህንነት ቁጥር ተሰጥቶታል። ከ1.0 እስከ 0.5 ያለው «ከፍተኛ ደህንነት» ይባላል። እዚያ ያለ ምክንያት ሰው ላይ የተኮሰ ተጫዋች ኮንኮርድ የሚባለው የጌሙ ፖሊስ ይመጣበትና መርከቡን ያወድምበታል። ማምለጥ የለም።

ችግሩ ግን ኮንኮርድ የሚመጣው ከተተኮሰ በኋላ መሆኑ ነው። ይቀጣል እንጂ አያስጥልም። 1.0 ላይ ቶሎ ይደርሳል፣ 0.5 ላይ ይዘገያል። በመሃል ባለችው ጥቂት ሰከንድ የጭነት መርከብ ድራሹ ሊጠፋ ይችላል።

አጥቂዎቹ መርከባቸው እንደሚወድም አሳምረው ያውቃሉ። ሂሳባቸውን ሠርተው ነው የሚመጡት። አንዱ ከአንድ የኮከብ ሥርዓት ወደ ሌላው መተላለፊያ በር ላይ ቆሞ የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ ስካን ያደርጋል፤ የጫነውን ያያል። መርከብ ሲወድም በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ዕቃ የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ገደማ ነው። ስለዚህ 1 ቢሊዮን ኢስክ (የጌሙ ገንዘብ ነው) የሚያወጣ ጭነት ለእነሱ በአማካይ 500 ሚሊዮን ነው። የሚሠዉት ርካሽ መርከቦች በድምሩ 150 ሚሊዮን ቢያወጡ፣ ሥራው አዋጭ ነው። ያው መርከብ 200 ሚሊዮን ብቻ ቢጭንስ? በአማካይ የሚደርሳቸው 100 ሚሊዮን ነው፤ ከወጪያቸው ያንሳል፣ ኪሳራ። ቂም ከሌለበት በቀር ማንም አይነካውም።

እንግዲህ እዚህ ቀጠና ውስጥ ዋናው ጠባቂያችሁ ፖሊሱ አይደለም፤ ለአጥቂ የማታዋጡ መሆናችሁ ነው። ጭነቱን ለሁለትና ለሦስት ጉዞ የሚከፋፍል ተጫዋች ይህ ገብቶታል።

«ምርጡን ዕቃ ታጥቄ ከገባሁ አተርፋለሁ»

ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ቁጥር እናስገባበት፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው። 400 ሺህ የሚያወጣ ትጥቅ ታጥቃችሁ ገባችሁ እንበል። በሰላም ከወጣችሁ 150 ሺህ ታገኛላችሁ፤ ከአራት ጊዜ ሦስቱን ትወጣላችሁ። በአማካይ ገቢው 112 ሺህ ተኩል፣ ኪሳራው 100 ሺህ ነው። በአንድ ጉዞ የሚተርፋችሁ 12 ሺህ ተኩል ብቻ።

አሁን ደግሞ 80 ሺህ የሚያወጣ ትጥቅ ይዛችሁ ግቡ። ገቢው ወደ 100 ሺህ ወረደ፣ በሰላም የመውጣት ዕድላችሁም ከአሥር ስድስት ብቻ ሆነ። በአማካይ ገቢው 60 ሺህ፣ ኪሳራው 32 ሺህ ነው። 28 ሺህ ይተርፋል። አዘውትሮ የሚሞተው ሰው የበለጠ አተረፈ ማለት ነው።

በዚያው ሰዓት ደህናው ቀጠና ውስጥ 20 ሺህ ይሠራ ነበር ብንል፣ ባለ ውዱ ትጥቅ ተጫዋች ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለው ነበር። ከሞት በኋላ እንደገና ለመታጠቅና እስከዚያ ድረስ ለመመለስ የሚባክነውን ጊዜ ደግሞ ገና አልቆጠርነውም። የኢቭ ተጫዋቾች ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክር ብትከስር የማትተካውን መርከብ አታብርር የሚል ነው፤ ከዚህ ሂሳብ የመጣ ይመስለኛል።

«አደገኛው ቀጠና ባዶ ከሆነ ትርፉን መጨመር ነው»

መልሱ ቀላል ቢሆን ኖሮ የጌም ሠሪዎች ሁሉ ሰላም ያድሩ ነበር። ትርፉ ሲጨመር መጀመሪያ የሚደርሰው የተደራጀ ጊልድ፣ ማለትም የተጫዋቾች ማኅበር ነው። መቶ ሰው ሆነው ሲገቡ ቀጠናው ለእነሱ አደገኛ መሆኑ ይቀራል፤ ለብቻው ለሚገባው ግን እንዲያውም ይብስበታል። ማፑ ላይ ቀለሙ አንድ ነው፣ አደጋው ግን እንደ ሰዉ ይለያያል። በዚያ ላይ ብዙ ሰው አንድ ዕቃ ካወጣ ገበያው ይሞላል፣ ዋጋው ይወድቃል፣ የተጨመረው ትርፍ ተመልሶ ይበላል።

አደጋውን መጨመርስ? የኢቭ ሠሪዎች እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 ሞክረውታል። ሕግ በሌለበት ቀጠና በአንድ የኮከብ ሥርዓት ውስጥ ማን ማን እንዳለ የሚያሳይ የስም ዝርዝር ነበር። እንግዳ ስም ብቅ ሲል ማዕድን የሚያወጣው ሁሉ ወደ ምሽጉ ይሸሻል። ዝርዝሩን አጠፉት። ተጫዋቾች ደፍረው ይዋጋሉ ተብሎ ሲጠበቅ ብዙዎቹ ጌሙን መክፈት ተዉ። ሴፕቴምበር ላይ ዝርዝሩ ተመለሰ።

እዚያው ጌም ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 የተጨመሩ፣ በትል ቀዳዳ (ሩቅ የጠፈር ቦታዎችን በሚያገናኝ መሹለኪያ) የሚገባባቸው ሥርዓቶች አሉ። እነሱ ገና ከጅምሩ እንዲህ ያለ ዝርዝር ኖሯቸው አያውቅም፤ ያም ሆኖ ሰዎች ደስ ብሏቸው ይኖሩባቸዋል። ልዩነቱ እነዚህኞቹ አውቀው መምረጣቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሀብታቸውን ካፈሰሱ በኋላ ነው ሕጉ የተቀየረባቸው። ለእኔ ዋናው ነጥብ ይኸው ነው፦ ሰው የመረጠውን አደጋ ይችላል፣ ያልመረጠውን አይችልም። የትርፉ መጠን ሁለተኛ ነው።

«ደህና ቀጠና ጌምን ይገድላል»

የዚህ አባባል አቀንቃኞች ሁሌ የሚጠቅሱት አልቲማ ኦንላይንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ ከከተማ ውጭ ማንም ማንንም መግደል ይችል ነበር። በ2000 ዓለሙ ለሁለት ተከፈለ፦ ፌሉካ እንደ ድሮው ቀረ፣ ትራመል ላይ ያለ ፈቃድ መገዳደል ተከለከለ። ብዙው ሰው ወደ ትራመል ፈለሰ። ታዲያ ጌሙ ሞተ? የከፋይ ተጫዋቾቹ ቁጥር ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው ከዚያ በኋላ፣ በ2003 ነው፤ ወደ 250 ሺህ ገደማ።

እውነት ያለበትም ወገን አለ። ፌሉካ ጭር ብሎ ነበር። ሠሪዎቹ እዚያ የሚወጣውን ማዕድንና እንጨት እጥፍ አድርገው፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ብርቅ ጥቅልሎችንም ጨምረው ሰዉን ማባበል ነበረባቸው።

«እንግዲያው አደገኛውን ጨርሶ ማንሳት ነው»

ሩንስኬፕ የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2007 በዚያ መንገድ ሄዷል። ዊልደርነስ በሚባለው ምድረ በዳው ውስጥ መገዳደልን አስቀረ። ምክንያቱ በእውነተኛ ገንዘብ የሚካሄደውን የጌም ወርቅ ንግድ ማስቆም ነበር። የተነሳው ቁጣ ግን ለዓመታት አልበረደም። በ2011 መጀመሪያ ላይ ሕዝበ ተጫዋች ድምፅ ሲሰጥ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተሰጠ፤ 91 በመቶው ይመለስ አለ። በዚያው ፌብሩዋሪ ተመለሰ።

ምድረ በዳው የሚናፈቅበት አንዱ ምክንያት አሠራሩ ይመስለኛል። ኦልድ ስኩል በሚባለው የጌሙ ቅጂ ዛሬም ያለው አሠራር እንዲህ ነው፦ ድንበሩን እንደተሻገራችሁ ሁሉም አይዘምትባችሁም፤ ምድረ በዳው በደረጃ ተከፍሏል፣ ወደ ውስጥ በዘለቃችሁ ቁጥር ደረጃው ይጨምራል። ደረጃ 1 ላይ ሊያጠቃችሁ የሚችለው የውጊያ ደረጃው ከእናንተ በ1 ብቻ የሚበልጥ ወይም የሚያንስ ተጫዋች ነው። ደረጃ 10 ላይ ልዩነቱ 10 ይሆናል። ከደረጃ 20 በላይ ስትዘልቁ አብዛኛው ቴሌፖርት (በቅጽበት ወደ ሌላ ቦታ የሚወስደው) አይሠራም፤ በእግር መመለስ ነው። በተለመደው ሕግ ስትሞቱ ውድ የሆኑት ሦስት ዕቃዎች ይቀሩላችኋል። ቀድሞ ያጠቃ ሰው ግን ጭንቅላቱ ላይ የራስ ቅል ምልክት ይወጣበትና ያንን መብት ያጣል። ምን ያህል እንደምትደፍሩ እርምጃ በእርምጃ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

«ዕቃ መዘረፍ ከንቱ ጭካኔ ነው»

የሚያበሽቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን አልቢዮን ኦንላይንን ተመልከቱ፤ ቀጠናዎቹን በቀለም የሚለይ ጌም ነው። ቢጫ ቀጠና ላይ ብትሸነፉ ትወድቃላችሁ እንጂ ትጥቃችሁ አይወሰድም። ቀይና ጥቁር ላይ የያዛችሁት ሁሉ ይሄዳል። ከዚያም የተወሰነው ለገዳዩ ሳይደርስ እዚያው ይጠፋል። የጌሙ ትጥቅ ደግሞ ከሞላ ጎደል በተጫዋቾች የሚሠራ ነው። ጥቁር ቀጠና ውስጥ የጠፋችው ሰይፍ ነገ መተካት አለባት። የሚሠራት ምናልባት ከከተማ ወጥቶ የማያውቅ፣ ተዋግቶም የማያውቅ ሰው ነው። ማንም ምንም ባይከስር ገበያው በአሮጌ ሰይፍ ይጥለቀለቅና ያ ሰው ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።