«አውቶካድ ስለምችል ይሄም አያቅተኝም» እና ሌሎች የካድ ጀማሪ ስህተቶች

«አውቶካድ ስለምችል ይሄም አያቅተኝም።» ሶሊድወርክስን ወይም ፍሪካድን (እንደ አውቶካድ በኮምፒውተር ንድፍ የሚሠራባቸው የካድ ፕሮግራሞች ናቸው) መጀመሪያ ስከፍት እኔም ያልኩት ነው። አውቶካድን በለመድነው መንገድ ስንሠራበት አስምረን እንሄዳለን፤ መስመሩ በተሰመረበት ይቀመጣል። (አውቶካድ 2010 ከተባለው እትም ወዲህ መስመርን ከመስመር የሚያያይዝበት ዘዴ አለው፤ ግን ስንቶቻችን ነክተነዋል?) እንደ ሶሊድወርክስና ፍሪካድ ባለው ፓራሜትሪክ ካድ (ቅርጹ በሰጠነው ልክ በሚታዘዝበት) ግን ቅርጹ ነገ ልኩ ሲቀየር ምን እንደሚሆንም ዛሬውኑ መወሰን አለብን።

«ልኩ ትክክል ከሆነ በቃ።» እኔን ያሳፈረኝ ይሄኛው ነው። 80 በ50 ሚሊ የሆነ ላሜራ ነበር፣ በአራቱ ማዕዘን የብሎን ቀዳዳ ያለው። የግራዎቹን ቀዳዳዎች ከግራ ጠርዝ 10 ሚሊ ብዬ ለካሁ፤ የቀኞቹንም ከዚያው ከግራ ጠርዝ 70። ስክሪኑ ላይ እንከን አይወጣለትም። በኋላ «ርዝመቱ 120 ይሁን» ተባለ። 80ን አጥፍቼ 120 ስጽፍ ላሜራው ረዘመ፤ የቀኞቹ ቀዳዳዎች ግን 70 ላይ ቀሩ፣ ከቀኝ ጠርዝ 50 ሚሊ ርቀው። ፕሮግራሙ ያልኩትን ነው ያደረገው። የቀኞቹን ከቀኝ ጠርዝ 10 ብዬ ለክቼ ቢሆን ኖሮ አብረው ይሄዱ ነበር።

«አራት ማዕዘን ከመሰለ አራት ማዕዘን ነው።» ፍሪካድ ላይ በአራት ማዕዘን መሣሪያው ብትስሉ መስመሮቹን አግድምና ቀጥ አድርጎ ራሱ ይይዝላችኋል። ግን 4 ነገር ልቅ ነው፦ ርዝመቱ፣ ስፋቱ፣ ወደ ጎን የት እንዳለ፣ ወደ ላይ የት እንዳለ። አንዱን ጫፍ በማውስ ጎተት አድርጉና እዩት፤ ይንሸራተታል። ሁሉም በልክ ሲታሰር ስኬቹ (ቅርጹ የሚነሳበት ጠፍጣፋ ንድፍ) አረንጓዴ ይሆናል። ሶሊድወርክስ ላይ ደግሞ ሰማያዊው ወደ ጥቁር ይለወጣል።

«ጠርዙን ቶሎ ላለስልሰው፣ ያምራል።» ያምራል፣ ግን ፊሌት (ጠርዝ ማለስለሻው) ጠርዙን ይበላዋል፤ በዚያ ጠርዝ ላይ ተመርኩዞ የሚመጣው ሥራ መያዣ ያጣል። ለመጨረሻ አቆዩት።

«ወደ ኋላ ተመልሼ ብነካካ ምንም አይበላሽም።» ይበላሻል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ የቅርጹ ገጽ «ፌስ6» ዓይነት ስም ይሰጣል፤ መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ስትጨምሩ ስሙ ወደ ሌላ ገጽ ሊዞር ይችላል፣ ያን ጊዜ በላዩ የተሠራው ሁሉ ይናጋል። በፈረንጆች 2024 የወጣው ፍሪካድ 1.0 ችግሩን በጣም ቀንሶታል፣ ጨርሶ ግን አላጠፋውም። እኔ አሁንም ስኬቴን በተቻለ መጠን ስማቸው በማይዞረው በዋናዎቹ ፕሌኖች (ፕሮግራሙ ከመነሻው በሚሰጣቸው ጠፍጣፋ ገጾች) ላይ ነው የምጀምረው።

«ከባድ ሂሳብ ይፈልጋል።» መደመርና መቀነስ ለጀማሪ ይበቃል።

«ላይሰንሱ ውድ ነው።» ፍሪካድ በነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ኦንሼፕ የሚባለው ሌላ የካድ ፕሮግራምም በብራውዘር ይከፈታል፤ ግን በነፃው አካውንት የሠራችሁት ለማንም ክፍት ስለሆነ የደንበኛ ሥራ እንዳታስገቡበት።