ሬድሸርት ምንድን ነው? (ልጁ አልተባረረም)

ሰሞኑን አንዱ ወንድማችን የአሜሪካ ኮሌጅ ኢንዶር (የቤት ውስጥ ትራክ) ውጤት ሲያይ የሚያውቀውን የሐበሻ ልጅ ስም አጣና «ሬድሸርት አድርገውታል አሉ፣ በቃ ከቲሙ ወጣ ማለት ነው» ብሎ ደመደመ። ይሄን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። የሐበሻ ልጅ የሆነው አሜሪካዊ ሯጭ ያሬድ ንጉሴ ለኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ እየሮጠ በ2019 የኤንሲኤኤን (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማህበር) 1500 ሜትር ካሸነፈ ወዲህ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ስለ ኮሌጅ ትራክ ያወራኛል፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ይሄን ቃል ተዉልኝ።

ሬድሸርት የሆነ ልጅ ክላሱን ይማራል፣ ከቲሙ ጋር ይለማመዳል፣ ስኮላርሺፕ ካለውም ያው ነው፣ ብቻ በዛ ሲዝን ለትምህርት ቤቱ አይወዳደርም። ስሙ ከአሜሪካን ፉትቦል የመጣ ነው፣ የማይሰለፉት ልምምድ ላይ ቀይ ማልያ ስለሚለብሱ። ትራክ ላይ ቀይ የሚባል ነገር የለም።

የስልክ ጥቅል አስቡት። ዲቪዥን አንድ (ከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት እርከን) ላይ ለረጅም ጊዜ የኖረው ሕግ አራት ሲዝን ይሰጥህና መጠቀሚያው አምስት ዓመት ነው ይልሃል። ዳታህን ብታጠፋው ጊጋው አይነካም፣ ቀኑ ግን መቁጠሩን አይተውም። ሬድሸርት ዳታ ማጥፋት ነው በቃ። ስለዚህ ያ ወንድማችን እንደቀጠለው «እየደጋገመ ሬድሸርት አድርጎ እስከ ሰላሳ ዓመቱ ይሮጣል» የሚባል ነገር የለም፣ አምስት ዓመቱ ሲሞላ የተረፈህ ጊጋ አብሮ ኤክስፓየር ያደርጋል። (ቀኑን የሚያስቆሙ ነገሮች አሉ፣ ውትድርና፣ የቤተክርስቲያን ሚሽን፤ ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጎልመስ ያሉ ሯጮች የምታዩት ለዛ ነው። ዲቪዥን ሁለት ደግሞ በዓመት ሳይሆን በ10 ሴሚስተር ነው የሚቆጥረው።)

አሁን ዋናው የሚያናድደኝ ነገር። ሰው ሬድሸርትን የዓመት እረፍት ያደርገዋል። የረጅም ርቀት ሯጭ እኮ ሶስት ጥቅል ነው ያለው፣ ክሮስ ካንትሪ ለብቻ፣ ኢንዶር ለብቻ፣ አውትዶር (የውጪ ትራክ) ለብቻ፣ ሲም ካርዱ ግን አንድ ስለሆነ የሚያበቁበት ቀን አንድ ነው። እና መስከረም ላይ ክሮስ ካንትሪ ሮጦ፣ ኢንዶሩን ትቶ፣ መጋቢት ላይ አውትዶር ብቅ ሊል ይችላል፣ ማንም አላባረረውም።

ምሳሌዬ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው፦ ስልክ የተጠቀምከውን ያህል ነው የሚቆርጥህ፣ እዚህ ግን የቲሙን ማልያ ለብሰህ አንድ ውድድር ከሮጥክ ሲዝኑ ሙሉው ሄደ። ፉትቦል ላይ ከ2018 ጀምሮ እስከ አራት ጨዋታ ይፈቀዳል፣ ትራክ ላይ እንደዛ የለም። ከተጎዳህ ማስመለስ ይቻላል፣ ግን ጉዳቱ በሲዝኑ የመጀመሪያ አጋማሽ መሆን አለበት፣ ከሶስት ውድድር ወይም ከውድድሮቹ 30 ፐርሰንት (ከሁለቱ የሚበልጠው ተይዞ) በላይም መሮጥ የለብህም። ሰው «ሜዲካል ሬድሸርት» የሚለው ይሄንን ነው፣ የተቆረጠብህን ብር ደውለህ እንደማስመለስ።

«ታዲያ ሬድሸርት ከሆነ ባለፈው ቅዳሜ ሲሮጥ ያየሁት ማን ነው?» ትሉኛላችሁ። አንአታችድ (ያለ ቲም፣ በግሉ) ሮጦ ነው፣ በጎረቤት ዋይፋይ ማለት ነው። የራስህን ከፍለህ፣ በራስህ ትራንስፖርት ሄደህ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት ማልያ ለብሰህ። እኔም አንድ ሲዝን እንደዛ ሮጫለሁ፣ ቲሙ በባስ ሲመጣ እኔ በጓደኛዬ አሮጌ ቶዮታ፣ ጥቁር ካናቴራዬ ላይ ቁጥሬን በአራት መርፌ ቁልፍ ለጥፌ፣ አሰልጣኜ አጥሩ ጋ ቆሞ ሰዓት ይይዝልኛል። ውጤት ወረቀቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ስም በሚጻፍበት ቦታ «አንአታችድ» ይላል፣ አንደኛ ብወጣ እንኳ ለቲሙ ነጥብ አይመዘገብም።

ለማንኛውም ልጁ ጋ ደወልኩለት። አላነሳም። ማታ ላይ መልሶ ደወለ፣ ከቲሙ ጋር ልምምድ ላይ ነበርኩ አለኝ።