መጋጠሚያው የማይታይ ሻወር፦ ሶሊድ ሰርፌስ ምንድን ነው?

የአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች ግድግዳ በአብዛኛው በእንጨት ተዋቅሮ በጂፕሰም የተለበጠ ነው። ሻወር ውስጥ በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ሙሌት ሲሰነጠቅ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ይሰርጋል፤ ከዓመታት በኋላ ሴራሚኩ ሲነሣ የበሰበሰ እንጨትና ጥቁር ሻጋታ ይገኛል። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አሮጌ ቤት ገዝተው የሚያድሱ ወገኖቻችን ይህን ጣጣ ያውቁታል። ሶሊድ ሰርፌስ ለሻወር የተፈለገው እነዚያን የሙሌት መስመሮች ስለሚያስቀር ነው።

ማቴሪያሉ ሲሶ ገደማ አክሪሊክ ፕላስቲክ ሲሆን የቀረው ከቦክሳይት ማዕድን የሚገኝ ነጭ ዱቄት ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ዶናልድ ስሎከም የፈጠረው ሲሆን ኮሪያን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ፤ ዛሬ ሌሎች ኩባንያዎችም ያመርቱታል። ውኃ አይመጥም፣ ቀለሙም ከፊት እስከ ጀርባ አንድ ነው። ስለዚህ ሲቧጨር በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ ይቻላል። በአንድ ቀን ተሠርቶ ያልቃል እየተባለ የሚሸጠው ስስ የአክሪሊክ ልባስ ግን ሌላ ዕቃ ነው፤ አንዱን በሌላው ዋጋ እንዳትገዙ ተጠንቀቁ።

ዋናው ጥበብ መጋጠሚያው ላይ ነው። ማቴሪያሉ የሚመጣው በሰሌዳ ነው፤ ለግድግዳ 6 ሚሊ ሜትር፣ ጭነት ለሚያርፍበት ቦታ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ይመረጣል። ሁለት ሰሌዳዎች የሚጣበቁት ቀለሙ ከሰሌዳው ጋር በተመሳሰለ፣ ከሁለት ፈሳሾች በሚደባለቅ የአክሪሊክ ማጣበቂያ ነው። ማጣበቂያው የሰሌዳዎቹን ጠርዝ በመጠኑ አሟሙቶ ከእነርሱ ጋር አብሮ ይደርቃል፤ የተፈጠረው ነገር ከሰሌዳው ጋር አንድ ዘር ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ተሞርዶ ሲለሰልስ መስመሩ ከዓይን ይሰወራል። ጥሩ ባለሙያ ጠርዙን በአልኮል ያጸዳል፣ ከመጋጠሚያው ጀርባም ከዚያው ማቴሪያል የተቆረጠ ደጋፊ ይለጥፋል፤ ሲያጣብቅም ከመጠን በላይ አያጨናንቅም። ከተጨናነቀ ማጣበቂያው ተገፍቶ ይወጣና መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል። በቀለም ምርጫ በኩል ነጭ ወይም ደቃቅ ነጠብጣብ ያለው መጋጠሚያን ይደብቃል፤ እንደ እብነ በረድ ረጃጅም ጅማት ያለው ግን መስመሩን ያሳብቃል። ጥቁር ቀለም ደግሞ ጭረትንና የውኃ ጨውን ያጎላል። እኔ ለሻወር የማያብለጨልጭ ነጭን እመርጣለሁ።

ሁሉም ጠርዝ ግን በዚህ መንገድ አይጋጠምም፤ መጋጠምም የለበትም። አክሪሊክ ሲሞቅ ይለጠጣል፦ የ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለውጥ አንድ ሜትሩን በአንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያረዝመዋል። ሰሌዳው በጠንካራ ሙጫ ቢጣበቅ ወይም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢጠብቅ መፈናፈኛ ያጣና ይሰነጠቃል። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው በሚለጠጥ ሲሊኮን የሆነው፣ ዳርና ዳርም ትንሽ ክፍተት የሚተውለት ለዚህ ነው። ግድግዳው ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታም በአብዛኛው በሲሊኮን ይታሸጋል፤ ያ ሲሊኮን ሲያረጅ ይቀየራል። አንድም ቦታ ሲሊኮን አያስፈልግም የሚል ባለሙያ ቢያጋጥማችሁ ማቴሪያሉ ሲለጠጥ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁት። የሳሙና ማስቀመጫና የቧንቧ መክፈቻ ቀዳዳዎችም ማዕዘናቸው ክብ ይሁን፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው።

ወለሉ በፋብሪካ አንድ ወጥ ሆኖ ቢመጣ ይሻላል። ወደ ውኃ ማስወገጃው ያለው ተዳፋት በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከሥሩ ያለው መሬት ያልተስተካከለ ከሆነ ወለሉ ሲረገጥ ይረግባል፣ የማስወገጃው ማሸጊያም ይላቀቃል፤ ስለዚህ ከማቴሪያሉ በፊት መሬቱ ይለካ።

ጽዳቱ ቀላል ነው፦ ለስላሳ ሳሙናና ጨርቅ፣ ለውኃ ጨው ደግሞ የተበረዘ ኮምጣጤ። አሴቶንና የተዘጋ ቧንቧ መክፈቻ ኬሚካል ግን አይንካው።

ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ማስወገጃው ተደፍኖ ወለሉ ውኃ ይሞላና 24 ሰዓት ይቆይ። የውኃው ከፍታ ካልቀነሰ፣ ከታች ባለው ክፍል ጣሪያም እርጥበት ካልታየ ቀሪው ሥራ ይቀጥል።