ድምፅ የሚሰበርበት ቦታና “ቴነር ነኝ ወይስ ባሪቶን?” የሚለው ጥያቄ

ጎንደር ውስጥ በማሲንቆ የሚዘፍን አንድ ወጣት “ከፍ ስል ድምፄ ይሰነጠቃል፤ ቴነር አይደለሁም ማለት ነው?” ሲል ጠየቀኝ። ቴነር ከፍ ያለ፣ ባሪቶን መካከለኛ፣ ባስ ደግሞ ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ ነው። ወጣቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቋል፦ ድምፅ የሚሰነጠቅበትን ቦታና የድምፅ ዓይነትን።

የሚሰነጠቅበት ቦታ መሸጋገሪያ ነው፤ ጣልያኖች ፓሳጆ ይሉታል። ዝቅ ስንል የድምፅ አውታሮቻችን አጠርና ወፈር ብለው ይርገበገባሉ፤ ይህ የደረት ድምፅ ነው። ከፍ ስንል ሌላ ጡንቻ ይለጥጣቸዋል፤ ይሳሳሉ፤ የራስ ድምፅ ይመጣል። ርክክቡ ድንገተኛ ሲሆን ድምፅ ይሰበራል። ይህ በማንኛውም ዘፋኝ ላይ ይደርሳል። እባካችሁ በጩኸት ገፍታችሁ ለማለፍ አትሞክሩ፤ ጉሮሮ የሚጎዳው በዚህ ነው። መሸጋገሪያው ጋ ሳትደርሱ ድምፁን አቅልሉት። “ኡ” እያሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ መንሸራተት ጥሩ ልምምድ ነው።

ቴነር፣ ባሪቶን፣ ባስ የሚሉት ስሞች የመጡት ከአውሮፓ የመዘምራንና የኦፔራ ልማድ ነው። መለኪያቸው አንዴ የነካነው ከፍተኛ ኖታ አይደለም፤ ሳንደክም ረጅም ጊዜ የምንቆይበት ክልል፣ የድምፁ ቀለምና የመሸጋገሪያው ቦታ ነው። የባሪቶን የመጀመሪያ መሸጋገሪያ በግምት 247 ኸርዝ (በሰከንድ 247 ርግብግቢት)፣ የቴነር 294 ኸርዝ አካባቢ ነው። (ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ደግሞ የዜማ ስልቶች እንጂ የድምፅ ዓይነቶች አይደሉም።)

ለወጣቱ ግን ስሙ ብዙም አያስፈልገውም። ማሲንቆው አንድ አውታር ነው ያለው፤ ትንሽ አላልቶ ቅኝቱን ለራሱ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ይችላል።