«የዱኒያ ስሟ ዱኒያ አይደለም»፦ አንድ የኩራንኮ አባባል

«ዱኒያ ቶጌ ማ ዱኒያ፤ አ ቶጌ ሌ አ ዱኑኒያ።»

ይህን የሚሉት በሰሜን ምሥራቅ ሴራሊዮን ኮረብታዎችና ከድንበሩ ማዶ በጊኒ የሚኖሩት ኩራንኮዎች ናቸው። ቋንቋቸው ማንዴ ከሚባለው የምዕራብ አፍሪካ የቋንቋ ቤተሰብ ሲሆን የማሊንኬና የባምባራ ቋንቋዎች ዘመድ ነው። «ቶጌ» ስም ማለት ነው፤ «ማ» ደግሞ «አይደለም»። ሲፈታ «የዓለም ስሟ ዓለም አይደለም፤ ስሟስ ሸክም ነው» ይሆናል።

ቅኔው ያለው በድምፁ ላይ ነው። ዱኒያ ዓለም ናት፣ ዱኑኒያ ሸክም። መካከል ላይ አንዲት «ኑ» ስትሰነቀር ዓለም ጭነት ሆና ቁጭ ትላለች። ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ይጠፋል፤ ዓለምና ሸክም በ«ም» ቤት መግጠማቸው ትንሽ ቢያጽናናም። ደግሞ ዱኒያ ለኩራንኮዎች መጤ ቃል ናት፤ ከእስልምና ጋር ከዓረብኛ የገባች፣ በእኛም አገር ሙስሊሞች ዘንድ ይህች አላፊ ዓለም የምትጠራባት ያችው ቃል። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ መጤዋን ቃል የአገሬው ቃል «ትክክለኛ ስምሽ እኔ ነኝ» አላት።

አባባሉን ምሬት ብቻ አድርጎ የሚያነበው ሰው ግን ይስታል። ሸክም ሲባል እኛ ጀርባ የሚያጎብጥ እንስራና የማገዶ እስር ይታየናል። እዚያ ሸክም የሚወጣው ጭንቅላት ላይ ነው። የኩራንኮ ገበሬ ሩዝ የሚያበቅለው ዳገት ላይ፣ ጫካ መንጥሮ ነው፤ ምርቱ ወደ መንደር የሚገባው በቀጭን መንገድ፣ በሰው አናት ነው። አናት ላይ ማቶት ይደረጋል፣ አንገት ቀጥ ይላል፣ ዓይን ፊት ለፊት ያያል። የተደላደለው ጭነት እጅ ሳይነካው ይሄዳል፤ ያዘመመው ግን ትንሽም ቢሆን አንገት ይሰብራል። የአባባሉም ፍቺ እዚህ ላይ ነው፦ ዓለም ሸክም መሆኗ አይቀርም፣ ክብደቷ ግን በአያያዝ ይለያያል።

የእኛው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሸክሙን ያካፍላል። የኩራንኮው አያካፍልም፤ አናት ላይ የወጣ ጭነት የአንድ ሰው ነው። ከበድ ያለውን ከመሬት ለማንሳት ግን ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ማገዝ አለበት፤ አባባሉ ስለዚያ ሰው ምንም አይልም።