ኖርዝ አምፕኳ፦ በበጋ መገባደጃ ስቲልሄድና ትራውት በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚጠመድበት ወንዝ

ኖርዝ አምፕኳ በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ በኦሪገን ግዛት ደቡባዊ ክፍል የሚገኝ፣ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የተራራ ወንዝ ነው። ከካስኬድ ተራሮች፣ ማይዱ ከተባለች ትንሽ ሐይቅ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይወርድና በሮዝበርግ ከተማ አቅራቢያ ከሳውዝ አምፕኳ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ አምፕኳ በሚል ስም ወደ ፓሲፊክ ውቅያኖስ ይገባሉ። ወንዙ በአጥማጆች ዘንድ ስሙ የገነነው በርዝመቱ ወይም በውኃው ብዛት ሳይሆን፣ ከሮክ ክሪክ መገናኛ አንሥቶ እስከ ሶዳ ስፕሪንግስ ግድብ ድረስ ባለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ክፍሉ ነው። በዚህ ክፍል ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ላባና ፀጉር በመንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ ነፍሳት በሚመስል ማባበያ፣ ካልሆነ በቀር በሌላ ማጥመጃ ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ወንዝም ሆነ ፍላይ ፊሺንግ ስለሚባለው የማጥመድ ጥበብ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እምብዛም ስለማይገኝ፣ ይህ ዳሰሳ በተለይ በፖርትላንድና በሲያትል አካባቢ ለሚኖሩና ወንዙን ለማየት ለሚያስቡ አንባቢዎች መነሻ እንዲሆን ተሰናድቷል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወንዙ ባለቤት ስቲልሄድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስቲልሄድ ቀስተ ደመና ትራውት ከሚባለው ዓሣ ጋር አንድ ዝርያ ነው፤ የሁለቱም ሳይንሳዊ ስም ኦንኮሪንከስ ማይኪስ ሲሆን የሚለያዩት በአኗኗራቸው ነው። ቀስተ ደመና ትራውት ዕድሜውን በወንዝ ሲጨርስ፣ ስቲልሄድ በተወለደበት ጅረት ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቆይቶ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ እዚያ ሰፊ ቀለብ አግኝቶ ከፈረጠመ በኋላ ለመራባት ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። ከአብዛኞቹ የፓሲፊክ ሳልመኖች በተለየም እንቁላሉን ጥሎ የግድ አይሞትም፤ ጥቂቶቹ ወደ ባሕር ተመልሰው ለሁለተኛ ጊዜ ይመጣሉ። ቀስተ ደመና ትራውት በሰው እጅ ተጓጉዞ ወደ ባሌ ተራሮች ጅረቶችም የገባ በመሆኑ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ይሁንና የባሌው እንግዳ ነው፤ የኖርዝ አምፕኳው ግን የአገሩ ተወላጅ ነው።

ወንዙ የበጋና የክረምት ስቲልሄድ አለው። የበጋው ከሜይ ጀምሮ ከባሕር እየገባ ወደ ላይ ይወጣል፤ እንቁላሉን የሚጥለው ግን በቀጣዩ ዓመት፣ ከጃንዋሪ ወዲህ ነው። ስለዚህ ለወራት ያህል ከእህል ውኃ ርቆ ማለት ይቻላል፣ በሰውነቱ ባጠራቀመው ስብ ብቻ በወንዙ ውስጥ ይከርማል። ኦገስትና ሴፕቴምበር በአገራችን ሰማዩ የሚከብድበትና ወንዝ የሚሞላበት ጊዜ ሲሆን፣ በኦሪገን ግን ዝናብ ከጠፋ የሰነበተበት፣ ሣሩ የነጣበት፣ ጅረቶች የጎደሉበት ደረቅ በጋ ነው። ብዙ ወንዞች በዚህ ወቅት ለዓሣ የማይመች ሙቀት ላይ ይደርሳሉ። ኖርዝ አምፕኳን የሚያድነው አፈጣጠሩ ነው። የላይኛው ተፋሰስ በዕድሜ ለጋ የሆነ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ የበረዶውን ውኃ እንደ ስፖንጅ ይመጥና በጋውን ሙሉ በቀዝቃዛ ምንጭ መልክ ቀስ እያለ ይለቀዋል። ከታች የሚገናኘው ገባሩ ስቲምቦት ክሪክ ግን በአሮጌ ድንጋይ ላይ የሚፈስ በመሆኑ በበጋ ይጎድላል፣ ይሞቃልም። ሆኖም የበጋው ስቲልሄድ ዋና የመራቢያ ስፍራ ይኸው ገባር ነው፤ የወንዙ ታሪክ ሁሉ በዚህ ገባር ዙሪያ መጠንጠኑም ከዚህ የመነጨ ነው።

በወንዙ ዳር ከሁሉ አስቀድመው የኖሩትና ዓሣ ያሰገሩት ዛሬ የካው ክሪክ አምፕኳ ጎሣ ተብለው የሚታወቁትና ሞላላ የሚባሉት የአሜሪካ ተወላጅ ሕዝቦች ናቸው፤ የካው ክሪክ ጎሣ በ1853 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ስምምነት ፈርሟል። በዝንብ የማጥመድ ታሪክ የሚጀመረው ግን በ1920ዎቹ መጨረሻ ሜጀር ጆርዳን ሎውረንስ ሞት (Mott) የተባሉ የኒው ዮርክ ባለጸጋ በስቲምቦት መገናኛ ፊት ለፊት ሰፈር ከመሠረቱ ወዲህ ነው። ሜጀሩ በ1931 ሲሞቱ ስማቸው በቦታው ቀረ፤ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሥራ አጥ ወጣቶች ተሰማርተው የሠሩት የእንጨት ድልድይ ዛሬም ሞት ድልድይ ይባላል። ቀጥሎ ክላረንስ ጎርደን በዚያው ቦታ ኖርዝ አምፕኳ ሎጅ የተባለውን ማረፊያ ከፍተው ከሩቅ አገር የሚመጡ አጥማጆችን ያስተናግዱ ጀመር። የልብ ወለድ ደራሲው ዜን ግሬይም በ1930ዎቹ በተከታታይ በጋዎች ብዙ ጓዝ ይዘው በወንዙ ዳር ሰፍረዋል። በ1937 በዚሁ ወንዝ ላይ ሳሉ በስትሮክ ተመትተው ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ። የደራሲውን ስም የሚያውቁ ጎብኚዎች ብዙዎች ናቸው፤ ምግብ አብሳያቸው የነበሩት ጃፓናዊ ታካሃሺ ግን ስማቸውን በወንዙ ካርታ ላይ ትተዋል፤ ከታወቁት የማጥመጃ ቦታዎች አንዱ እስከ ዛሬ በእሳቸው ስም ይጠራል።

ወንዙን ከሌሎች የሚለየው እውነተኛ ታሪክ የሚገኘው አጥማጆቹ ራሳቸው በራሳቸው ላይ ባስጣሉት ገደብ ነው። ስቲምቦት ክሪክ ለማጥመድ የተዘጋው በ1932 ነው፤ ገባሩ ለዓሣ የተተወ መጠለያ ሆኖ ዘጠና ዓመት አልፎታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ዋናው ወንዝ ከላይ በተጠቀሰው ክፍል ለዝንብ ብቻ ተለየ። በወቅቱ ሌሎች አጥማጆች ትል፣ የዓሣ እንቁላልና የብረት ማባበያ መጠቀም የለመዱ ስለነበሩ ድንጋጌው ለጥቂቶች የተሰጠ አድልዎ ነው የሚል ቅሬታ አስነሥቷል። ቅሬታው ዛሬም አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ነገር ግን ገደቡ ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ተወላጅ ዓሣ እስከ ዛሬ መትረፉ ያጠራጥራል። በዚያው ዘመን ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ በላይኛው ወንዝ ላይ ለኤሌክትሪክ ኃይል ተከታታይ ግድቦች ሲገነቡ ውኃው ደፈረሰ፣ የሎጁም ዘመን አከተመ። ከግድቦቹ ዝቅተኛው ሶዳ ስፕሪንግስ ለዓሣ መተላለፊያ መሰላል ያገኘው ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነው።

በ1957 ፍራንክ ሙርና ባለቤታቸው ጂን ሙር ስቲምቦት ኢን የተባለውን ማረፊያ በሰሜናዊው ዳርቻ ከፈቱ። ፍራንክ ሙር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርማንዲ ላይ ከወረደው ጦር ጋር የዘመቱ፣ በወንዙ ላይ ደግሞ በውርወራቸው ርቀትና በጉልበታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ በእንግዶቻቸው ዘንድ የሚታወሱት ግን ይበልጥ በተከራካሪነታቸው ነው። በ1960ዎቹ የእንጨት ኩባንያዎች የገባር ጅረቶቹን ዳርቻ ሙልጭ አድርገው ሲቆርጡና ግንድ በሚጎትቱ ትራክተሮች የጅረት አልጋ ሲያርሱ፣ ጥላ ያጡት ጅረቶች ሞቁ፣ የዓሣ እንቁላል የሚቀመጥበት ጠጠርም በደለል ታፈነ። ሙር ወደ ማረፊያቸው ይመላለሱ የነበሩ ሁለት የፊልም ባለሙያዎችን ወስደው ጉዳቱን አሳዩ፤ በ1968 አጭር ዘጋቢ ፊልም ተሠራ፤ ሙርም ፊልሙን ይዘው ከባለሥልጣን ባለሥልጣን እየዞሩ አሳዩት። ኦሪገን በ1971 በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያ የሆነውን የደን አጠቃቀም ሕግ አወጣች። ፊልሙ ለሕጉ መውጣት የነበረው ድርሻ እንደ ተናጋሪው ቢለያይም፣ በወንዙ ዳር ግን ድርሻው ታላቅ እንደነበር የሚጠራጠር የለም። በ1988 ይኸው የወንዙ ክፍል ማለት ይቻላል በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ወንዞች ተመደበ፤ በ2019 ደግሞ 40 ሺህ ሄክታር የሚሆን የስቲምቦት አካባቢ ደን በሙር ባልና ሚስት ስም የተወላጅ ስቲልሄድ ልዩ ጥብቅ ስፍራ ተደረገ። ፍራንክ ሙር በ2022 መጀመሪያ በ98 ዓመታቸው ዐረፉ።

አጥማጁ የሚሠራው ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የሚወረወረው ክብደት ያለው ማባበያ ሳይሆን ክሩ ራሱ ነው፤ ዝንቧ ላባና ፀጉር በመንጠቆ ላይ ተጠምጥሞባት የምትሠራ፣ ክብደት የሌላት ነገር ናትና ወፍራሙ ክር በአየር ላይ ተዘርግቶ ይዟት ይሄዳል። በኖርዝ አምፕኳ ሦስት ሜትር የማይሞላ ባለ አንድ እጅ ዘንግ ለረጅም ዘመን መደበኛው ነበር፤ ኋላ ላይ በሁለት እጅ የሚያዘውና የሚረዝመው ዘንግ ተስፋፍቷል፤ ከኋላው ዛፍ ለሚያግደው አጥማጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። አጥማጁ ዝንቧን ወደ ማዶ፣ ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ ይጥላል፤ ክሩ ተወጥሮ ዝንቧ ወንዙን በቅስት እያቋረጠች እስከ ራሱ ዳርቻ ድረስ ትመጣለች፤ ከዚያ አንድ እርምጃ ወርዶ ይደግመዋል። የወንዙ አልጋ ሰው እንዳረሰው ሁሉ በረጃጅም ስንጥቆች የተሸነሸነ አለት ስለሆነ ዓሣው በስንጥቆቹ ውስጥ ይተኛል፤ አለቱ ደግሞ በአልጌ የተሸፈነና እጅግ የሚያዳልጥ በመሆኑ ሶሉ የብረት ጥርስ የሌለው ጫማ አድርጎ መግባት ለሕይወት ያሰጋል።

በበጋ መገባደጃ የሚወደደው የላይ ላይ ዝንብ ነው። ቀኑ ሳይሞቅ፣ ፀሐይ ገና የሸለቆውን ግድግዳ ሳትሻገር፣ ከአጋዘን ፀጉር የተሠራች ዝንብ በውኃው ገጽ ላይ ስትንሸራተት ከኋላዋ እንደ ሹል ቀስት የሚከፈት መስመር ትተዋለች። ስቲልሄድ ሲነሣ አስቀድሞ ውኃው ከበታቿ ያብጣል፣ ከዚያ ግራጫ አፍንጫ ብቅ ይላል፤ አንዳንዴ ዝንቧን ሳይነካ ተመልሶ ይሰምጣል፣ በሚቀጥለው ውርወራም ይደግማል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ደንግጦ ዘንጉን ያነሣል፣ ዝንቧንም ከዓሣው አፍ ይነጥቃል። ልምድ ያለው ግን እጁን ዝም ያሰኛል፤ ዓሣው ዝንቧን ይዞ ዞሮ ክሩ በራሱ ሲከብድ ብቻ ዘንጉን ያነሣል። ይህ ጸሐፊ በራሱ እጅ እንዳየው ከጥበቡ ሁሉ የሚከብደው ይህች የሁለት ሴኮንድ ትዕግሥት ናት። የማይበላ ዓሣ ስለ ምን ለዝንብ እንደሚነሣ የተለያየ ሐሳብ አለ፤ አንዳንዶች ቦታውን የሚደፍረውን ለማባረር ነው ሲሉ፣ ሌሎች በልጅነቱ በጅረት ውስጥ ነፍሳት ሲበላ ያደገበት ትዝታ ነው ይላሉ።

ደንቡም ይህንኑ አጠማመድ ይደግፋል። በበጋው ወራት መንጠቆው ነጠላና የኋሊት እሾህ የሌለው መሆን አለበት፤ ዝንቧ ላይም ክብደት መጨመር አይፈቀድም። ከዝንቦቹ ስመ ጥሩው ጥቁር ገላ፣ ነጭ ክንፍና አረንጓዴ ጅራት ሥር ያለው ግሪን በት ስከንክ ሲሆን፣ የፈጠራው ባለቤትነት ለጠበቃውና ፎቶ አንሺው ዳን ካላሃን ይሰጣል። ከሴፕቴምበር ወዲህ ኦክቶበር ካዲስ የተባለው ትልቅ ብርቱካናማ ነፍሳት መብረር ሲጀምር በእሱ አምሳል የተሠሩ ዝንቦች ይወጣሉ።

ትራውቱ በስቲልሄዱ ጥላ ሥር የተረሳ ነው። ከአገጩ በታች ቀይ ጭረት ያለው ከትስሮት ትራውት የወንዙ ተወላጅ ሲሆን ወደ ባሕር የሚመላለሰው ዓይነቱ በ1996 በመጥፋት ላይ ካሉ ፍጥረታት ዝርዝር ገብቶ በ2000 ወጥቷል።

የቅርብ ዓመታት ፈተና ብዙ ነው። በ1890 የተሠራው ዊንቸስተር ግድብ ከታች፣ ወደ ላይ የሚወጣው ዓሣ ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ ከ1946 ጀምሮ ዓሣ የሚቆጠረውም በዚያ ነው። በሴፕቴምበር 2020 አርቺ ክሪክ የተባለው ሰደድ እሳት ከ50 ሺህ ሄክታር በላይ መሬት አቃጠለ፤ የሮክ ክሪክ የዓሣ ማራቢያ ጣቢያም አብሮ ነደደ። ከስቲምቦት በታች ያለው መንገድ ዳር ዛሬም በቆሙ ጥቁር ግንዶች የተሞላ ነው። በ2021 የተመለሰው የበጋ ስቲልሄድ እጅግ ጥቂት በመሆኑ የግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ወንዙን ከኦገስት እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ለማጥመድ ዘጋው። በኤፕሪል 2022 የመሥሪያ ቤቱ ኮሚሽን በ4 ለ3 ድምፅ የበጋ ስቲልሄድን በጣቢያ አርብቶ ወደ ወንዙ መልቀቅ እንዲቆም ወሰነ፤ ከጣቢያ የሚወጣው ዓሣ ከተወላጁ ጋር ተዳቅሎ ዘሩን ያዳክማል የሚል ነው ምክንያቱ። ይዘው ሊሄዱ የሚችሉትን የጣቢያ ዓሣ የሚያጡት አጥማጆችና የአካባቢው ነጋዴዎች ተቃወሙ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

ሙቀቱ ሲበረታ በስቲምቦት ክሪክ ውስጥ ያሉት ስቲልሄዶች ቢግ ቤንድ በተባለው ጥልቅ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ ከጎን የሚገባ ቀዝቃዛ ጅረት ስላለ ነው። በአንድ ቦታ መቶዎች ተደርድረው ሲታዩ ለሕገወጥ አጥማጅ የቀረቡ ሲሳዮች ናቸው፤ ቀድሞ በፈንጂ ጭምር ተፈጅተው ያውቃሉ። ስለዚህ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አንድ ጠባቂ ከሜይ እስከ ክረምቱ መግቢያ በዚያ እየሰፈረ ሲጠብቅ ኖሯል፤ የመጀመሪያው ጠባቂ አርኪዮሎጂስት ነበሩና ከጥበቃው ጎን ለጎን ዓሦቹ ስንት ጊዜ እንደዘለሉ፣ ከውኃው ገጽ ምን እንደነኩ፣ የውኃው ሙቀት ስንት እንደነበር ቀን በቀን ይመዘግቡ ነበር። እሳቸውና ጥቂት ወዳጆቻቸው ሲያጠምዱም የመንጠቆውን ጫፍ በፒንሳ ቆርጠው ይጥሉ ነበር፤ ስቲልሄዱ ተነሥቶ ዝንቧን ይወስዳል፣ ለአፍታ ይጎትታል፣ ሳይያዝ ይሄዳል።